ለቅሶ የመጣ ሰው ማነህ አይባልም

የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ከመኪናው ከማውረዳቸው በፊት የመጀመሪያ ሥራቸው ጆሮውን መሸፈን ነበር። የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ውብሸት ጫማቸውን አወለቁ፣ ሶፋው ላይ ወጡ፣ ከሳሎኑ ኮርኒስ ላይ የተለጠፈችውን የሻይ ሰሃን የምታህል ነጭ ዕቃ ጥቁር ከረጢት አለበሷት። ከረጢቱ ውስጡ ወፍራም ስፖንጅ አለው፤ አፉ በገመድ ይታሰራል። ገመዱን ሳብ ሳብ አድርገው ካጠበቁ በኋላ ከሶፋው ላይ ሆነው ቁልቁል አዩና «በሉ እንግዲህ አልቅሱ» አሉ።

ኤልዳና እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላለቀሰችም ነበር። አባቷ አቶ እንዳልካቸው ንጋት ላይ፣ ካልሲያቸውን ለማድረግ ጎንበስ እንዳሉ ነው ያለፉት። ደግፋ አልጋው ላይ ስታስተኛቸው፣ ለአምቡላንስ ስትደውል፣ ወንድሟን ኢዮስያስን ስትጠራ ድምፅዋ የቢሮ ድምፅ ነበር። ከረጢቱ ሲታሰር ግን ከሆዷ የወጣው ጩኸት ራሷን አስደነገጣት። ሰው ቤቱ ውስጥ እንደልቡ መጮህ ከረሳ ቆይቷል።

ዕቃዋ በመንግሥት ቋንቋ የዜጎች ድምፅ መቀበያ ትባላለች፤ ሕዝቡ ግን ጆሮ ነው የሚላት። በየሳሎኑ፣ በየመኝታ ቤቱ፣ በየአውቶቡሱ አለች። ስትገጠም የከተማው እድሮች ተሰብስበው አቤት ብለው ነበር። ሐዘን ቤት ሬዲዮ አይከፈት፣ ቴሌቪዥን አይከፈት፣ ይህቺስ እንዴት ትከፈታለች አሉ። መንግሥት ባህል አክባሪ ነውና ፈቀደ። እስከ ሠልስት ድረስ ጆሮው ይሸፈናል፤ ድንኳን ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይገባም። ስልኮችም ድንኳን ሲገቡ ጆሯቸው ይተኛል። ዓይናቸው ብቻ ነው የማይተኛው፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ለቅሶውን ማየት ስላለበት ነው ተባለ።

ከዚያ ወዲህ የከተማው ሰው ለቅሶ ወዳድ ሆነ። ሟቹን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሰው ከሌላ ሰፈር ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል። ለወጉ ያለቅሳል፣ ንፍሮውን ይዘግናል፣ ከዚያ ወንበሩን ጠጋ አድርጎ ሆዱ ውስጥ የከረመውን ያወራል። ማንም ማነህ አይለውም። ለቅሶ የመጣን ሰው ማነህ ማለት ነውር ነው፤ ይህን ነውር ደግሞ የሚደፍር አልተወለደም።

አቶ እንዳልካቸው ራሳቸው ቀንደኛ ለቅሶ ደራሽ ነበሩ። ከከተማ አውቶቡስ ሹፌርነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሰኞ የለ ቅዳሜ የለ፣ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው መውጣት ነው። «ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ፣ አባዬ?» ስትላቸው «አንድ ወዳጅ» ይሏታል። ኤልዳና ይህን ሁሉ ወዳጅ ከየት አመጡት ብላ ትገረም ነበር እንጂ ሌላ ነገር አልጠረጠረችም። ቤት ሲሆኑ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ወጡ ጨው፣ ድሮ ስለነዷቸው አውቶቡሶች ያወራሉ። ስለ መንግሥት አንድ ቀን ክፉም ደግም ተናግረው አያውቁም። አባቴ ፖለቲካ የማይገባው ሰው ነው ብላ ደምድማ ነበር፤ ለእሷ ሥራ ደግሞ እንዲህ ያለ አባት ጥሩ ነው።

ሥራዋ በአስተያየት ማዕከል ነው። ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች፤ ጆሮዎቹ የለቀሙት ድምፅ ስሙ ጠፍቶ፣ ቃናው ተለውጦ ይመጣላታል። ሁለት ቁልፎች አሏት፣ ገንቢ እና አፍራሽ። የሰፈራችን መብራት ጠፍቷል ካለ ገንቢ ነው። መብራቱ የጠፋው ኃላፊው ግድ ስለሌለው ነው ካለ አፍራሽ ነው። ጠዋት ገብታ ማታ እስክትወጣ ጣቶቿ ከእሷ በፊት ነበር የሚወስኑት። አፍራሹ ከእሷ በኋላ የት እንደሚሄድ አልጠየቀችም፤ እንዳትጠይቅ የነገራት ግን ማንም የለም።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞላ። መጀመሪያ የፊት ረድፎቹ አለቀሱ፣ ከዚያ ኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው እንደዘበት ምርጫ የሚለውን ቃል አነሳ። የመጨረሻው ምርጫ ከተካሄደ ወዲህ ኤልዳና ዩኒቨርሲቲ ገብታ ወጥታለች፣ አግብታ ፈትታለች። ሕዝቡ በየቀኑ እየተደመጠ በአምስት ዓመት አንዴ ወረቀት ሳጥን ውስጥ መክተት ለምን ያስፈልጋል ተብሎ ነው የቀረው። ሰዎቹ አንድ ሁለት እያሉ ሐሳብ መወርወር ጀመሩ። ኤልዳና ሴቶቹ ዘንድ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ነበር። እንዲህ ያለ ወሬ ስትሰማ የቀኝ እጇ ጣት ሳታዘው ጉልበቷን መታ ያደርጋል፤ አፍራሽ፣ አፍራሽ።

በዚህ መሃል ኢዮስያስ ተነሳ። የአሳንሰር ጠጋኝ ነው፤ ከእሷ በአሥር ዓመት ያንሳል፤ እናታቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት። ዓይኑ አብጧል።

«እኔን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚገርመኝ» አለ። «እኛ ሽንት ቤት ስንገባ ሳይቀር ይሰሙናል። ይሁን፣ ይስሙ። እነሱ ሲሰበሰቡ ግን በሩ ይዘጋል። እነሱንስ ማን ሰማቸው? ጆሮ ጥሩ ነገር ከሆነ አንድ ጆሮ እዚያም ይሰቀል። እኛም ራት እየበላን እንስማቸው!»

ድንኳኑ ሳቀ። ለቅሶ ነው ሲባል እንኳ አላፈረም፤ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ በነጠላቸው ተሸፍነው ሳቁ። ኤልዳናም ልትስቅ ነበር። ከመሃል ምሰሶው ሥር የተቀመጠ ሰው ግን አልሳቀም። አሮጌ አመድማ ካፖርት የለበሰ፣ ጠጉሩ ሳስቶ የነጣ ሰውዬ ነው። ቀብር ላይ ከቤተሰቡ በላይ ሲንሰቀሰቅ አይታው ማን ይሆን ብላ ነበር። አሁን አንገቱን ወደ ኢዮስያስ አሰገገና፦

«እስቲ ድገምልኝ፣ ልጄ» አለ። «የመጨረሻዋን።»

ሳቁ ተቆረጠ። አንዱ ጫማውን ማየት ጀመረ፣ ሌላው ንፍሮውን ይቆጥር ይመስል እፍኙን ተመለከተ። እንዲህ ያለ ነገር ድገምልኝ የሚል ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ለማንም መንገር አያስፈልግም። ኢዮስያስ ራሱ አፉን ከፍቶ ቀረ። በመጨረሻ ጋሽ ውብሸት ጉሮሯቸውን ጠርገው «ዘንድሮ ዝናቡ ቀደመ» አሉ። «ቀደመ፣ አዎ ቀደመ» አሉ ሌሎቹም ተቀባብለው። ከዚያ በኋላ ስለ ዝናብ ብቻ ተወራ።

በማግስቱ ሰውዬው ጠዋት መጥቶ እዚያው ምሰሶው ሥር ተቀመጠ። የሰጡትን ይበላል፣ ያጠጡትን ይጠጣል፣ አልፎ አልፎ ዓይኑን ይጠርጋል፣ አይናገርም፤ ያዳምጣል። ወሬ ሊጀምር የፈለገ ሰው ሁሉ እሱን አይቶ ወደ ሲሚንቶ ዋጋ ይዞራል። ከሩቅ ሰፈር በተስፋ የመጡት ደግሞ የድንኳኑን ቅዝቃዜ አይተው ቶሎ ቶሎ ተሰናበቱ።

ኤልዳና ጋሽ ውብሸትን ወደ ጓዳ ጠራቻቸው።

«ጋሼ፣ ያ ሰውዬ ማነው?»

«የቱ?»

«ያ ካፖርቱ።»

«እንጃ። የአባትሽ ወዳጅ ይሆናላ።»

«እስቲ ይጠይቁልኝ።»

«ምን?» አሉ ጋሽ ውብሸት፣ የእውነት ተቆጥተው። «ለቅሶ የመጣን ሰው ማነህ ይባላል እንዴ? እንኳን እኔ እድር የምመራው፣ ልጅ እግር እንኳ አያደርገውም። ነውር ነው፣ ኤልዱ።»

«ኢዮስያስን ያስበላብኛል እኮ!»

ጋሽ ውብሸት ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ አዞሩ። ዓይናቸው በመስኮቱ አልፎ፣ ድንኳኑ ጥግ በተቀመጡት በጎረቤታቸው በአቶ ኪሩቤል ላይ አረፈ። አቶ ኪሩቤል ምላሱን ያልገታ ሰው የሚወሰድበት ምክር ማዕከል ገብተው የወጡ ሰው ናቸው። ማንም አልመታቸውም፣ አልከሱም፣ እንዲያውም ወፍረው ነው የተመለሱት። ቀድሞ የብሎኩ አፈኛ ነበሩ። አሁን ሚስታቸው እትዬ ቤዛዊት ወጡ ጨው አነሰው ወይ ብለው ሲጠይቋቸው ፈገግ ብለው እንዳንቺ ነው ይላሉ። ሻይ ወይስ ቡና ሲባሉም እንዳላችሁ ነው። ሰውነታቸው እዚሁ አለ፤ እሳቸው ግን የሉም። ኤልዳና ወንድሟን በዚያ ፈገግታ አሰበችውና ልትፈልገው ወጣች።

ኢዮስያስን ደረጃው ሥር አገኘችው።

«ለምን ተናገርክ?»

«የት ልናገር ታዲያ? የአባቴ ለቅሶ ላይ ካልተናገርኩ?»

«አባዬ እንዲህ ያለ ነገር ይወድ ነበር? የማያውቀውን ነገር በለቅሶው ላይ ታወራበታለህ?»

ኢዮስያስ እንግዳ የሆነ አስተያየት አያት። የሆነ ነገር ሊል ፈለገ፣ ተወው። «ተይኝ፣ ኤልዱ» ብሎ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ። ያ አስተያየት ምን እንደነበር ለመገመት በዚያን ሰዓት ጊዜ አልነበራትም።

ስልክ ላይ ማነው የሚባል አገልግሎት አለ። የሰውየውን ፊት በስልኩ ታያለህ፣ ስሙንና ሁኔታውን ይነግርሃል። ቤት አከራይ ይጠቀምበታል፣ ሞግዚት የሚቀጥር ይጠቀምበታል፣ ልጁን የሚድር ሽማግሌ ሁሉ ሳይቀር ይጠቀምበታል። ለቅሶ ላይ ግን ማንም አውጥቶት አያውቅም። ኤልዳና ስልኳን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች፣ ውጭ አገር ላለች ለአክስቷ ልጅ ለቅሶውን የምታሳይ መስላ ወደ ምሰሶው አዞረችው። ሰውዬው በዚያች ሰዓት ቀና ብሎ የአባቷን ፎቶ እያየ ነበር። መጠየቅ መናገር አይደለም አለች ለራሷ።

ስልኩ የጠየቁበት ምክንያት የሚል አወጣ። ከሥሩ ምርጫዎቹ ተደረደሩ፤ ትዳር፣ ኪራይ፣ ቅጥር፣ ሥጋት። ለቅሶ የሚል የለም። ለቅሶ ላይ ማነህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ ባለሙያ አልነበረማ። ኤልዳና ትንሽ አሰበችና እውነቱን ነካች። ሥጋት።

ጥበቡ ዘርፉ፣ ጡረተኛ፣ ሰላማዊ አለ ስልኩ። ቀጥሎ፣ ስለጠየቁ እናመሰግናለን አለ።

ሰላማዊ መባሉ አላረጋጋትም። ሰላይ ቢሆንስ ምን ሊሉት ነው? ያንን ቀን ሙሉ ዓይኗን ከካፖርቱ ላይ አላነሳችም። ዓይኖቻቸው ሲጋጩ ሰውዬው አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳት። ይህም ራሱ አስጠረጠራት።

በሠልስቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ምሳ ከተበላ በኋላ ሰዉ ተበተነ። የእድሩ ጎረምሶች ድንኳን ሊያፈርሱ ገመድ መፍታት ሲጀምሩ ሰውዬው ተነስቶ ወደ ኤልዳና መጣ። አካሄዱ አንድ እግሩን እንደመጎተት ያደርገዋል።

«እግዚአብሔር ያጥናሽ፣ ልጄ። ጥበቡ እባላለሁ» አለ። «ሳልነግርሽ መሄድ አልፈለግሁም። ሰዉ በእኔ ምክንያት ዝም እንዳለ ገብቶኛል። ይቅርታ አድርጊልኝ። ያቺን ቃል ከልጁ አፍ ስሰማ እንዳልካቸው የተነሳ መሰለኝና አፌ አመለጠኝ።»

«የቷን ቃል?»

«አንድ ጆሮ እዚያም ይሰቀል የሚለውን ነዋ። የአባትሽ እኮ ነው። በስንቱ ድንኳን ሲለው ሰማሁት! መጀመሪያ ጸጥ ብሎ ያዳምጣል፣ ንፍሮውን ይጨርሳል፣ ከዚያ እጁን አራግፎ ይነሳል። እሱ ከተነሳ በኋላ የማይናገር ሰው አልነበረም። ዲዳም ይናገር ነበር እላለሁ እኔስ።»

ኤልዳና የያዘችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ያ ሁሉ ወዳጅ፣ ያ ሁሉ ጥቁር ኮት። የኢዮስያስ አስተያየትም አሁን ገባት፤ እሱ ያውቅ ነበር።

«አባዬ እርስዎን እንዴት አወቀዎት?»

ጋሽ ጥበቡ ፎቶውን አዩ። «መዋሸት ደክሞኛል» አሉ። «ሰላይ ነበርኩ። ድንኳን ጆሮ አይገባም ሲባል እኛ ተላክን። ሰው ማነህ ስለማይለን ከእኛ የተሻለ ጆሮ አልነበረም። እንዳልካቸውን እንድከታተል ነው የመጣሁት። ሰማሁት። አለቆቼ ምን ተወራ ሲሉኝ ዝናብ ተወራ አልኳቸው። በሚቀጥለውም ዝናብ፣ በሚቀጥለውም ዝናብ። በኋላ ሕሊናዬ እንቢ አለኝና ለራሱ ነገርኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? እንግዲያው ቁጭ በልና ሥራህን ሥራ፣ ደመወዝህን ግን ንፍሮ ላመጡልን ሰዎች አካፍል አለኝ።» ሳቁ፤ ሳቁ መሃሉ ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባቸው።

«አሁንም እዚያ ነዎት?»

«ኧረ ተዘጋ፤ ቆየ እኮ! ሰላይ የሚባል ሥራ የለም አሁን። ሰዉ ራሱ እርስ በርሱ ይጠያየቃል፤ በስልክ። እኛ ለምን እንቀለብ?»

ኤልዳና እጇ ስልኳ ላይ ነበር። ልትጠይቅ የምትፈልገው ሌላ ነገር ነበር፣ ቀድሞ የወጣው ግን ይሄ ሆነ፦

«ለእርስዎ ነገረዎት። ለኢዮስያስ ነገረው። ለእኔ ለምን አልነገረኝም?»

«ሥራሽን ይፈራ ነበር» አሉ ጋሽ ጥበቡ። «አንቺን አይደለም።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ። መዋሸት ደክሞኛል ብያለሁ። አንቺንም።»

ቤት ውስጥ አብረው የበሉት ራት ሁሉ ፊቷ ላይ መጣ፤ ጉልበታቸው፣ ጨው፣ አውቶቡስ። አባቷ ሰላይን አምነው እሷን ፈሩ። ስልኳን አወጣች። ስሙ አሁንም እዚያው ነበር፤ ጥበቡ ዘርፉ፣ ጡረተኛ። ሰላማዊ የነበረበት ቦታ ላይ ግን በመጣራት ላይ ይል ነበር።

«ጋሼ» አለች። «እኔ ጠይቄብዎታለሁ።»

«ምን ብለሽ?»

«ሥጋት ብዬ።»

ጋሽ ጥበቡ አልተቆጡም። ቢቆጡ በወደደች። ከብሎኩ በር ወደ ውጭ አዩ። ከአስፋልቱ ማዶ ንጹሕ ሰማያዊ መኪና ቆሟል፤ ውስጡ ሹራብ የለበሱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተቀምጠዋል። ለቅሶ የመጡ ይመስላሉ፤ ግን አይወርዱም።

«ድንኳኑ እስኪፈርስ ነው» አሉ ጋሽ ጥበቡ። «ድንኳን ቆሞ ሳለ ሰው አይወስዱም። ባህል ያከብራሉ።»

ኤልዳና ወደ ጋሽ ውብሸት ሮጠች። ጎረምሶቹ የዳር ችካሎቹን ነቅለው መሃል ደርሰዋል።

«ጋሼ፣ እባክዎ ድንኳኑ እስከ ነገ ይቆይ!»

«እንዴት ይቆያል?»

«እንግዳ ይመጣል፣ ከክፍለ ሀገር። እባክዎ ጋሼ፣ የፈለጉትን ልክፈል!»

«ኤልዱዬ፣ ብሎክ ዐሥራ ሁለት ላይ ሰው ሞቷል። ሬሳው በር ላይ ነው ያለው። ያለን አንድ ድንኳን ነው። የአንቺን ሐዘን አውቃለሁ፤ የእነሱስ?»

ብሎክ ዐሥራ ሁለትም እኮ ጆሮ ያልገባበት ድንኳን ይገባዋል። ጎረምሶቹ ወንበሮቹን መደራረብ ጀመሩ። ጋሽ ጥበቡ ወደ ቦታቸው ተመልሰው ምሰሶው ሥር ተቀምጠው ነበር። ሁሉም ወንበር ተነስቶ የእሳቸው ብቻ እስኪቀር ጠበቋቸው። በመጨረሻ አንዱ ጎረምሳ አፍሮ ከፊታቸው ቆመና «አባባ፣ ወንበሯን...» አለ። ተነሱለት። ኢዮስያስ መኪናውን አይቶ ነገሩ ስለገባው ሲሮጥ ደረሰና ክንዳቸውን ያዘ።

«በኋላ በር እናውጣዎት፣ ጋሼ።»

«የት ልሂድ? ፊቴን የት ላድርገው?» አሉ። ከዚያ አገጩን ይዘው ቀና አደረጉት። «ዝናብ ነው የተወራው። አይደል?»

«ጋሼ...»

«ዘንድሮ ዝናቡ ቀደመ አልክ። ሌላ ምንም አላልክም።»

ምሰሶው ተነቀለ። ሸራው እላያቸው ላይ ቀስ ብሎ ወረደና ጎረምሶቹ ሰብስበው አጠፉት። የሰማያዊው መኪና በሮች ተከፈቱ። ሁለቱ ሰዎች መጀመሪያ ወደ ኤልዳና መጥተው አንገታቸውን ደፍተው «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» አሏት። ሴትየዋ ቀጥላ በዝግታ «ስለጠየቁ እናመሰግናለን» አለች። ከዚያ ጋሽ ጥበቡን ግራና ቀኝ ደግፈው፣ ለሽማግሌ እንደሚደረገው፣ ቀስ እያሉ ወሰዷቸው። ማታ ጋሽ ውብሸት መጥተው ከረጢቱን ፈቱ።

ከዚያ በኋላ የኤልዳና ሕይወት ኢዮስያስን መጠበቅ ሆነ። ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ከተቀመጠችበት ትነሳለች። ጋሽ ጥበቡ ምን እንዳሉ፣ የት እንዳሉ ለማወቅ ስልኳን ታነሳለች፤ መልሳ ታስቀምጣለች። አንድ ጊዜ ደግሞ ብትጠይቅ አንድ ጊዜ ደግሞ ከሰሰቻቸው ማለት ነው። የበደለችውን ሰው ደኅንነት መጠየቅ እንኳ የማትችልበት አገር መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያየችው። ወንድምና እህቱ ማታ ማታ ጆሮው ሥር ተቀምጠው ስለ ወጡ ጨው ያወራሉ። ኢዮስያስ ምን እንደሚያስብ አታውቅም። አሁን እሱም እንደ አባቱ ፈርቷት ይሁን ብላ ጠረጠረች፤ ለመጠየቅ ግን ለቅሶ ያስፈልጋል።

አንድ ቀን ሥራ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ማዳመጫዋ ውስጥ የምክር ማዕከል የጥያቄና መልስ ድምፅ ገባ። የእነሱ ክፍለ ከተማ ድምፅ ሁሉ የሚመጣው ወደ እሷ ክፍል ነው። ቃናው ተለውጧል፤ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም።

«በለቅሶው ላይ ምን ተወራ?»

«ዝናብ።»

«ወጣቱ ተነስቶ ምን አለ?»

«ዘንድሮ ዝናቡ ቀደመ አለ።»

«ሰዎች ስቀው ነበር ተብሏል።»

«ዝናብ ደስ ይላላ።»

«የጠየቀችብዎት ሴት ምን ተናገረች?»

ኤልዳና ማዳመጫዋን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ጫነች።

«አላወቀችኝም» አለ ድምፁ። «ምንም አላጠፋችም። አባቷ ሞቶባት ነው።»

ሁለቱ ቁልፎች ፊቷ ላይ በርተው ጠበቁ። ጣቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ምን እንደሚነካ አላወቀም። ገንቢን ነካች፣ ማዳመጫውን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ኮቷን ለበሰች። ሊፍቱ ውስጥ ስትገባ ገና የሥራ ሰዓት ነበር።

በቀጣዩ እሑድ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ስሙን በማታውቀው ሰፈር፣ ድንኳን አይታ ከአውቶቡስ ወረደች። ማን እንደሞተ አልጠየቀችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች፣ ፎቶውን እጅ ነሳች፤ የአንዲት ሴት ፎቶ ነበር። አለቀሰች፤ ለማን እንደሆነ ራሷም አለየችውም። ንፍሮ ዘገኑላት። ሰዉ ስለ ውሃ፣ ስለ ኪራይ ያወራል። ንፍሮዋን ጨረሰች፣ እጇን አራገፈች፣ ተነሳች።

«እኔን አንድ ነገር ይገርመኛል» አለች። ድምፅዋ ቀጠነባት። «እኔ የማዕከሉ ሠራተኛ ነበርኩ። የእናንተን ስሰማ ነው የኖርኩት። የእነሱን ስብሰባ ግን አንድም ቀን አልሰማሁም። አንድ ጆሮ እዚያም ይሰቀል።»

ማንም አልሳቀም። ሴቶቹ ዘንድ የተቀመጠች አንዲት ልጅ፣ ዓይኗ በለቅሶ የቀላ፣ የሟቿ ልጅ ሳትሆን አትቀርም፣ ነጠላዋን ከፍ አደረገች። ከነጠላው ሥር የስልክ ዓይን ብልጭ አለ። ልጅቷ የምትፈራለት ሰው ይኖራታል፤ ወንድም ይሆናል፣ አባት ይሆናል። ኤልዳና ያቺን እጅ አወቀቻት፤ የራሷ እጅ ነበረች።

«እህት ዓለም፣ አትድከሚ» አለቻት። «ስልኩ ምክንያትሽን ሲጠይቅሽ የሚሆን መልስ አታገኚም። ኤልዳና እንዳልካቸው እባላለሁ። አንቺ አልጠየቅሽም፤ እኔ ነኝ የነገርኩሽ።»

ልጅቷ ስልኩን ጭኗ ላይ ደፋችው። ከመሃል ምሰሶው ሥር አንድ የማታውቀው ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ኤልዳናም አሁን ዝናቡ ቀደመ ሊል ነው ብላ ጠበቀች።

«እስቲ ድገሚልኝ፣ ልጄ» አለ።

ፊቱን አየችው። ወዳጅ ይሁን ሌላ፣ ፊቱ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ማነህ አላለችውም። ደገመችለት።